የሳሊሀ ሰሌዳ

ሳሊሀ ከቤሩት ስትመለስ ሁለት ሻንጣ ይዛ ነበር። በአንዱ ልብስና ለእናቷ የገዛችው ብርድ ልብስ ነበረበት። ሁለተኛውን ቦሌ ላይ የጉምሩኩ ሰውዬ ከፍቶ ሲያየው ግራ ገባው። ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን ላይ ማዞሪያ የሞላባቸው ትናንሽ የብረት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው የመዳብ መልክ ያለው ሰሌዳ አለ፤ ዳር ዳሩ ባለ ቀለም ሽቦ ታጭቆበታል።

«ምንድነው ይሄ?»

«የሙዚቃ መሣሪያ ነው።»

«በየት በኩል ነው የሚጫወቱት?»

ለማስረዳት አፏን ከፈተችና ተወችው። በመንገድ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ከዚያ በፊት ያሳለፈቻቸው ዓመታትም ቢሆኑ እንቅልፍ የጠገበችባቸው አልነበሩም። ሰውዬው ፊቷን አየና ሻንጣውን ራሱ ዘጋላት። «ሂጂ እህቴ» አላት።

የሄደችው ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነበር። ቤሩት ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ስታስታምም ኖረች፤ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ወገቧ አለቀ። አሮጊቷ ዝምታ ይፈራሉ። ቤቱ ጭር ካለ ያለቅሳሉ። ልጃቸው ፋዲ ደግሞ ሞጁላር ሲንተሳይዘር የሚሉትን ይህን መሣሪያ የሚወድ ሰው ነበር። እንደ ኪቦርድ ነጭና ጥቁር ቁልፍ የለውም። አንዱ ክፍል ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ድምፁን ይሞርደዋል፣ ሌላው ይከፍተዋል ይዘጋዋል፤ በሽቦ እርስ በርስ ካላገናኟቸው ግን ሁሉም ዝም ነው። መጫወቻው ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ላይ የጣት ማሳረፊያዎች በረድፍ አሉ፤ ከየማሳረፊያው በላይ ድምፁን የሚያቀጥን የሚያወፍር ማዞሪያ አለ። ጣት ሲያርፍበት ይናገራል፣ ጣቱን ዘርጋ አድርገው ሲያሳርፉት ድምፁ ይሰፋል፣ ሲያነሱት ዝም ይላል። ሲፈልጉ ደግሞ በራሱ እንዲሄድ ያደርጉታል፤ ያኔ ከአንዱ ማሳረፊያ ወደ ሌላው እየተራመደ ተራውን ጠብቆ ያንኑ ዜማ ይደጋግማል፤ የሰው እጅ አይሻም።

ፋዲ ሥራ ሲውል አሮጊቷን ዝግ ባለ ድምፅ እንድታስተኛለት ሳሊሀን አጨዋወቱን አስተማራት። ጣቷ ቶሎ ለመደው። ከጊዜ በኋላ አሮጊቷ ሞቱ፣ ቤቱ ተሸጠ፤ ፋዲም ትንሹን ሳጥን በሻንጣ አድርጎ ሰጣት። «ለሌላ ሰው ብሰጠው እንደ አዲስ ማስተማር ሊኖርብኝ ነው» አላት።

አገሯ ቆቦ ገብታ ትንሽ እንደሰነበተች ሰልባጅ መነገድ ጀመረች። በገበያ ቀን ቆቦ፣ በሌላው ቀን ጎብዬ፤ ቦንዳውን ባጃጅ ላይ መጫን፣ ማውረድ፣ ፀሐይ ላይ መዋል። ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ ሳጥኑን አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ትነካካዋለች። የሠርግ ዘፋኙ አላምረው የሰማት እንዲህ ስታደርግ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ አዲስ አበባ ገብቶ ቀርቶበት፣ ሠርግ እየተጠራ መሄድ ያቃተው ሰው ነበር። አጥሩ ጥግ ቆሞ አዳመጠና አንኳኳ።

«ይሄ ነገር የራያን ምት ይችላል?»

«እኔ አልቻልኩትም እንጂ እሱስ ያሳዩትን ነው የሚለው» አለች።

«የሚያሳይሽ ሰው አውቃለሁ።»

ወንድሟ ሙሀመድሰይድ ነገሩን ሲሰማ «ሠርግ ነው፣ ደስታ ነው፤ ሶላትሽን ብቻ እንዳታሳልፊ» አላት። በዚሁ አለቀ።

አላምረው የወሰዳት እትዬ ታንጉት ዘንድ ነው። እትዬ ታንጉት ከሮቢት እስከ ጎብዬ ክርስቲያኑም እስላሙም ለሠርጉ የሚጠራቸው ከበሮ መቺ ናቸው። ያን በጋ ሳሊሀ ገበያ በማትውልበት ቀን እሳቸው ጓሮ ስትመላለስ ከረመች። እሳቸው ይመታሉ፤ እሷ ማዞሪያ ታዞራለች፣ ሽቦ ትነቅላለች፣ ትሰካለች።

«እሷን አትጫኛት ልጄ፤ ረገጥ አርገሽ እለፊያት። አዎ። አሁን ያቺኛዋን ትንሽ አዘግያት። ሰዉ የሚዘለው እኮ እዚያች ላይ ነው።»

በመጨረሻ ሰሌዳው በራሱ ሄደና የእትዬ ታንጉትን ምት አወጣው። ሴትዮዋ ከበሯቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አዳመጡ። «የኔው ነው» አሉ። ደስ ብሏቸው ይሁን አይሁን ከፊታቸው መለየት አልቻለችም።

ሠርገኛው ሳጥኑን ወደደው። በሽቦው ብዛት «የሳሊሀ ቴሌ» የሚል ስም ወጣለት። ከሞንታርቦው ጋር ሲገናኝ ዳሱ ይንቀጠቀጣል። ችግሩ ሙቀት ነበር። ቀትር ላይ ሳጥኑ ሲግል ድምፁ ከተቃኘበት እየሾለከ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አላምረው ግንባሩን ቋጥሮ ያያታል፣ እሷም ማዞሪያዋን ትመልሳለች። ላብ ጠብ ካለበት ደግሞ ሰሌዳው ሳይነካ ይጮኻል፤ ስለዚህ ፎጣ ከትከሻዋ አይወርድም። ከዚያ በቀር ሥራው በራሱ የሚሄድ ነው። እትዬ ታንጉትም አብረው ይጠራሉ፤ ግን ከበሯቸው አይሰማም። ቀስ በቀስ መምታቱን ትተው ከበሮውን ታቅፈው መቀመጥ ያዙ። ሳሊሀ ይህን ታያለች፤ አንድ ነገር ልበል ትላለች፤ ከዚያ ጀነሬተር ይጠፋል፣ ወይም ሽቦ ይላላል፣ ወይም ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ሳትለው ትቀራለች።

በጥር ሮቢት የተደረገው ሠርግ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ሳሊሀ ከዋዜማው ጀምሮ ሰልባጅ ስታወርድ ውላ አድራ ነው የሄደችው። አላምረው ማይኩን ይዞ ገባ፤ እሷም ምቱን ለቀቀችው። የሙሽራው ጓደኞች ዳሱን ሞሉት፤ አቧራው ተነሣ። ቀድሞ ቢሆን እትዬ ታንጉት ክንዳቸው ሲዝል ከበሮውን ያበርዱታል፤ ያኔ ዘፋኙ ውሃ ይጎነጫል፣ ጨፋሪው ላቡን ይጠርጋል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። አሁን የሚያበርድ የለም። አላምረው ሊያቆም ሲል ልጆቹ «እንዳይቆም! እንዳይቆም!» እያሉ ይከቡታል። እሱም ይቀጥላል።

ሳሊሀ ፎጣዋን ይዛ ሰሌዳው ፊት ተቀምጣለች። እጇ ሥራ የለውም። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ግን ተኝታለች። የቀሰቀሳት የእትዬ ታንጉት ክርን ነው።

«አንቺ! ሰውዬው ወደቀ!»

አላምረው የዳሱን ምሰሶ እንደያዘ ቁልቁል ተንሸራቶ በጉልበቱ ተቀምጧል። ማይኩ አፈር ላይ ነው። ከንፈሩ ደርቋል፤ የሆነ ነገር ይላል፣ ድምፅ ግን የለውም። ምቱ ይሄዳል፣ ሰዉም በዙሪያው ይዘላል፤ ያላየው ብዙ ነው። ሳሊሀ አንዱን ሽቦ ይዛ መነጨቀችው።

ዳሱ ጭጭ አለ። «ምን ሆነሻል?» ብሎ ጮኸባት አንዱ። እትዬ ታንጉት ከበሮውን ሳብ አድርገው በጣታቸው ጫፍ ብቻ መምታት ጀመሩ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሠርገኛው ወደ እሳቸው ዞረ። አላምረውን አውጥተው ጥላ ሥር አስተኙት፤ ውሃ ሲያገኝ ነፍሱ መለስ አለች። ድምፁ ግን ለሳምንታት ተዘግቶ ቆየ።

ሳሊሀ ልትጠይቀው ሄደች።

«ሙቀቱ ነው» አላት እያንሾካሾከ።

«እኔም ተኝቼ ነበር አላምረው። ምንም ስለማልሠራ ተኛሁ።»

«ደክሞሽ ነው።»

«ደክሞኛልማ! መቼ ሳይደክመኝ ቀርቶ ያውቃል? ከእንግዲህ በጣቴ ነው የምጫወተው። በራሱ እንዲሄድ አልለቀውም።»

ትክ ብሎ አያት። «እጅሽ ይዝላል እኮ።»

«ይዛላ። ሲዝል እናርፋለን።»

«ሳሊሀ፣ ሰዉ የሚጠራን ስለማናቆም ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

አልተጣሉም። ድምፁ ሲመለስለት አላምረው ወልዲያ የሚኖር ኪቦርድ ተጫዋች አገኘ፤ ዛሬም ትልልቅ ሠርግ ላይ የሚጠራው አላምረው ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ጉሮሮው ትጠይቀዋለች፣ እሱም ስለ ወገቧ ይጠይቃታል።

እሷ ከእትዬ ታንጉት ጋር ቀረች። ሴትዮዋ ምቱን ይይዛሉ፤ እሷ ከላይ ዜማውን በጣቷ ታሳርፋለች፣ ጣቷን ዘርጋ እያደረገች ድምፁን ታሰፋዋለች፤ የጎረቤት ሴቶች ይዘፍናሉ። ሳሊሀ በቤሩት ያንን ሁሉ ጊዜ ስትነካው እንዲህ ይጣፍጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ጠሪው ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ መጥቶ ያይና «ይሄማ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይሄዳል። ሁለት ሺህ ስምንት ላይ ዝናቡ ሲቀር ማሽላው እርሻ ላይ ደረቀ፤ ሠርግ የሚደግስም ጠፋ። ሳጥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ከረመ። ሲወጣ ከማሳረፊያዎቹ አንዱ አይሰማም። የሚጠግነው ሰው በአካባቢው የለም፤ በቀሩት መጫወት ለመደች።

በተከታዩ ዓመት ጎብዬ አጠገብ አንዲት እናት ልጃቸውን ሲድሩ አስጠሯቸው። ዳሱ ትንሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ እትዬ ታንጉት ከበሮውን አበረዱትና ወደ ሳሊሀ ዘንበል አሉ።

«ክንዴ ሞተ ልጄ።»

«የኔም ጣት እንደዚያው ነው» አለችና ጣቷን አነሣች።

አንድ ጎረምሳ ከመሃል «ኧረ ቀጥሉ!» አለ።

«እንቀጥላለን፤ ቁጭ በል» አለችው ሳሊሀ። ውሃ መጣላቸው። ሙሽራይቱም ጫማዋን አውልቃ ከሚዜዎቿ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።