ቡልጌው ይሉት ነበር

ሠርካዲስ ከቡልጋ ተነስታ አዲስ አበባ፣ ልደታ የደረሰችው የየካቲቱ እልቂት ካለፈ በኋላ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ነው። በጀርባዋ አንድ አቁማዳ በሶ አዝላለች፤ በሶው የልጇ የዓባይነህ ነው። ፈንጣጣ በልጅነቱ ሁለት ዓይኑን ወስዶበታል። ጆሮውን ግን ስለተወለት፣ ጣልያን ሳይገባ ከሰንጋ ተራ ዝቅ ብሎ ላለ ዜማ ቤት ሰጥታው ነበር። ያን ዕለት መሪጌታ ሀብተ ማርያም እግር ላይ ወድቃ፣ "የሰማይ አደራ፣ የምድር አደራ" ስትላቸው፣ "እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ" አሏት። ለዕውር ልጅ እናት የሚባል ነገር አይደለም፤ እሷ ግን ያኔ ደስ ብሏት አለቀሰች።

አሁን ከደጁ ቆማ "ዓባይነህን ጥሩልኝ" አለች። ተማሪዎቹ ተያዩ። ዜማ ቤት ሰው የሚጠራው በአገሩ ነው፤ ዋድሌ፣ መንዜ፣ ጎጃሜ እየተባለ። "ዓይነ ስውሩ ልጄ፣ የቡልጋው" ስትል ሁሉም አንገቱን ደፋ። "ቡልጌውን ነው" አለ አንዱ።

የሆነውን የነገረቻት ዙሃራ ናት፣ ከዜማ ቤቱ አጥር ጥግ ጨው የምትቸረችር ባለሱቅ። ጣልያኖቹ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ለድኾች ምጽዋት እንሰጣለን ብለው ያስለፈፉ ዕለት፣ መሪጌታ "ለዕውር ቀድሞ ይሰጠዋል፤ ለቤቱም ይተርፋል" ብለው ልጁን ከአንድ መሪ ጋር ላኩት። ቦምብ ፈነዳ፣ መትረየስ ተከፈተ። መሪው ሮጦ አመለጠ። በማያውቀው ግቢ መካከል እጁ የተለቀቀ ዕውር ወዴት ይሮጣል?

ሠርካዲስ መሪጌታ ፊት ቀረበች።

"የኔታ፣ ልጄን ማን ላከው?"

"ጣልያን ጨረሰን እኮ፣ እህቴ።"

"የገደለውንማ አውቀዋለሁ። የላከውን ነው የጠየቅሁዎ።"

ወደ ደብሩ አለቃ መሯት። አለቃው "እኔ ግቢውን ነው የማስተዳድር፤ ተማሪው የመሪጌታ ነው" አሏት። ተመልሳ ስትመጣ መሪጌታ "ተማሪ ወፍ ነው፤ ራሱ ወጥቶ ሄደ" አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እነዚህስ ባሰባቸው፣ ጥፋቱን ለሟቹ ጫኑት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዕውር ልጅ ከልደታ ተነስቶ ብቻውን ያን ሁሉ ዳገት ወጣ ይባላል!

ቡልጋ አልተመለሰችም። ዙሃራ ጓሮዋ ውስጥ ጥግ ሰጠቻት፤ ጥጥ እየፈተለች ኖረች። "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ደጇ የሚቆም ተማሪ ቁራሹን ከመቀበሉ በፊት የክርስትና ስሙን መናገር አለበት። "ዋድሌ ነኝ" ካላት "አገርህን አይደለም፣ ስምህን!" ብላ ትቆጣለች። ተማሪዎቹ ሴትዮዋን ነካ ያደርጋታል ይሉ ነበር። ይበሉ።

ጥቂት ዓመት አልፎ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። ፀጉራቸው ነጥቷል። "ለልጁ ፍትሐት ላድርስለት ብዬ ነው" አሉ፤ "ያለ ክርስትና ስም ደግሞ አይደረስም። ስሙን ስጪኝ።"

"ስሙን ሳያውቁ ነው የላኩት?"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።

"እኔ ነኝ የላክሁት ይበሉኝና እሰጥዎታለሁ።"

"ጊዜው ነው የላከው" አሉ።

በሩን ዘጋችባቸው። ሌላ ደብር ሄዳ ማስፈታት ጠፍቷት አይደለም፤ የላከው ሰው አፉን ሳይከፍት ልጄ ሞቷል ማለት አልሆንልሽ ብሏት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ስሙን ይዛ ብትሞት የሚያውቅለት ሰው የለም፤ ልጇ ሳይፈታ ሊቀር ነው። ብትሰጣቸው ደግሞ እነዚያ ሰዎች እንዲሁ በነጻ ሊወጡ ነው።

ጣልያን በወጣ ክረምት ሳል ጣላት። ከተማው ገና ደስታው አልበረደለትም። ዙሃራን ልካ መሪጌታን አስጠራች።

"ወልደ ሐና ነው" አለቻቸው። "ክርስትና ስሙ ወልደ ሐና ነው። ፍቱልኝ።"

ማን ላከው ብላ አልጠየቀችም፤ አቅሙ አልነበራትም። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "እግዜር ይማርሽ" ብለው ወጡ።

ከደጅ የሚጠብቃቸው ተማሪ "የኔታ፣ ማን ናት የታመመችው?" ሲል ሰማች።

"የቡልጌው እናት" አሉ መሪጌታ።

ሠርካዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።