አባቴ ያልነገረን ህልም

ባለፈው ሳምንት ቆቦ ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ ከባለቤቴ ከዘሀራ ጋር ገብተን፣ ልጅ እግሩ ሐኪም ያበጠ ጉንጯን እያየ «ማን መታዎት እናቴ?» አላት። እሷ መች አፍራ! በአገጯ ወደኔ ጠቁማ «እሱ ነው፣ ተኝቶ» አለችው። ስልሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ሚስት መቺ መባሌ ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣኝምም። ዞር ብሎ «አባትዎስ እንዲህ ያደርጋቸው ነበር?» ሲለኝ ክው አልኩ። ይህን ነገር ለዘሀራ እንኳ አውርቻት አላውቅም።

ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቆቦ ተቀምጬ እማር ነበርና ለማሽላ አጨዳ ወደ ቤት ስመጣ እስከ ሮቢት በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወደ ቆላው በእግሬ ወረድኩ። የኅዳር ፀሐይ አናት ይበሳል። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ጥንቅሽ እየላጥኩ፣ ጣፋጩን አገዳ እያኘክሁ ቤት ስደርስ አባቴ አመድ በአመድ ሆኖ ቂጣ ይጋግራል። አባቴ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

«እማስ?» አልኩት።

«ዋጃ ናት፣ ወንድሟ ዘንድ።»

«ምን ሆና?»

«እሷን ጠይቅ» ብሎ ወደ ቂጣው ዞረ።

የነገረችኝ ጎረቤታችን እትዬ ከዲጃ ናት። አባቴ እናቴን ሌሊት በጨለማ መትቷት ዓይኗ በልዞ ነው የሄደችው፤ ሲመታትም ሦስተኛው ነው። በሬ በጅራፍ የማይነካ ሰው! ሽማግሌዎች ተቀምጠው «አልመታሁም ካልክ በቁርአን ማል፤ መታሁ ካልክ ካሳት» ቢሉት ሁለቱንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አፉን ካልከፈተ ፍቺው ይቆረጥ ተባለ። ሦስት ቀን ነበር የቀረው።

ጠላሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን ጠላሁት። ሁለት ቀን ጎን ለጎን እያጨድን አንድ ቃል አልተነፈስኩለትም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከማሳው ዳር ካለችው ቁርቁራ ጥላ ሥር ገባን። እሱ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ «ልቀቃት!» የሚል ጩኸት ሰምቼ ዘወር ስል ደርቄ ቀረሁ። ዓይኑ ግጥም ብሏል፤ እግሩ መሬቱን ይደበድባል፤ በቡጢው የዛፉን ግንድ እየመታ ጣቶቹ ደምተዋል። ላነቃው ጎንበስ ስል እኔንም መንጋጋዬን አለኝና ባነነ። ግራ ቀኙን ቃኝቶ «ሄደ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«አዑዙ ቢላህ» ብሎ በግራው ሦስቴ እንትፍ አለ፤ ክፉ ህልም ያየ ሰው እንደሚያደርገው።

«አባዬ፣ እማንም የመታሃት እንዲህ ሆነህ ነው?»

«ክፉ ህልም አይነገርም። ከተነገረ ይደርሳል።»

«ዝም ካልክ ነገ ትለያያላችሁ!»

የደሙ ጣቶቹን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ተናገረ። «ጅብ ነው። የሚመጣው እሷ ላይ ነው። እኔ ከላይዋ ላይ አባርረዋለሁ። ስነቃ እሷ ታለቅሳለች። ብናገርና ቢደርስባትስ? ትፈታኝ እንጂ ጅብ አይብላት።»

ሰውየው ሚስቱን ለማዳን ይመታታል፤ ደግሞ ለማዳን ብሎ ዝም ይላል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህም አልገጠመኝም።

ማጭዴን ጥዬ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩና ባገኘሁት መኪና ዋጃ ገባሁ። እናቴ ጓሮ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ ዓይኗ ዙሪያው ጠቁሯል። የሆነውን ስነግራት «ጅቡን ነው የመታው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። መልሳ ያንኑ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ይኼን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ስተኛ አንድ ቀን እንኳ ህልሙን አልነገረኝም» ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ራሷ ተናገረችለት። «አጃኢብ ነው!» ያላለ የለም። ህልም ብቻ ከሆነማ ምን አለ ተባለና ፍየል ታርዶ ተበላ። አባቴ ያን ቀን እንደሳቀው ስቆ አያውቅም።

የክሊኒኩ ልጅ እግር ሐኪም ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ነገሩን አስረዳኝ። ህልም ስናይ አንጎላችን እንደ ነቃ ሰው ይሠራል አለኝ፤ ያያል፣ ይፈራል፣ ይሮጣል። ተነስተን እንዳንሮጥ ግን እጅና እግራችንን ራሱ ይቆልፈዋል። አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ ቁልፉ ይላላል። ለመሆኑ ሰው ለምን ያልማል ብዬ ጠየቅሁት። «የቀን ውሎውን ትዝታ ሲያደራጅ ነው የሚሉ አሉ፤ ለአደጋ ሲለማመድ ነው የሚሉም አሉ። ሐቁን ልንገርዎት፣ ገና አልተስማማንም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሐኪም እወዳለሁ።

ቀጠለና «አባትዎ ኋላ ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር?» አለኝ።

ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስኒ መያዝ አቅቶት እናቴ ነበረች የምታጎርሰው። እኛ እርጅና ነው አልን። ለካ ይህ በህልም መማታት ብዙ ጊዜ የመንቀጥቀጡ በሽታ ቀዳሚ ምልክት ነው፤ ሁሉም ሰው ላይ ባይደርስም፣ እጅ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር በዓመታት ቀድሞ ይመጣል። እኛ ደግሞ ህልም ብቻ ነው ብለን ፍየል አረድንበት! ልጁ በየጊዜው እየመጡ ልይዎት አለኝ፤ እሺ አልኩት።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዘሀራ «አንተስ ማንን ነው የምትመታው?» አለችኝ። ያኔ ነው የባሰ የደነገጥኩት። የአባቴን ታሪክ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉንጯን እያየሁ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። አፌን ይዤ ነበር፣ ያው ህልሜን ከተናገርኩት ይደርስባታል ብዬ።

«ጎርፍ ነው» አልኳት። «አንቺ መሀሉ ቆመሻል። ግንድ እየተንከባለለ ይመጣብሻል። እሱን ስገፋ ነው።»

«ኸይር ነው፣ ለደግ ያድርገው» አለች። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ያለውን እጄን አየችው። እኔም አየሁት። ለጊዜው ጸጥ ብሏል።