ባለ አሥራ ሰባቱ ቡሶላ

ጊታር መማር የጀመርኩት ዘግይቼ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ሰው ጣቱ ላይ የመስታወት ቱቦ አጥልቆ፣ ክሩን ሳይጫን ከላይ እያንሸራተተ ጊታር ሲጫወት አየሁ። ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው አይዘልም፤ እንደ ማሲንቆ እየተሳበ ይሄዳል። ያንን ከሰማሁ በኋላ ሌላ አጨዋወት አላምር አለኝ።

ቱቦው ስላይድ ይባላል። ገበያ ላይ ፈልጌ አጣሁት። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭማ "ምንድን ነው እሱ?" ብሎ እኔኑ መልሶ ጠየቀኝ። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ጣቴ ላይ ማጥለቅ ጀመርኩ። ከፋርማሲው ያመጣሁት ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ለጣቴ ልክ ነበር፤ ግን በጣም ስለሚቀል ክሩ ከሥሩ ይንቀጫቀጫል፣ ድምፁም ወዲያው ይጠፋል። የቧንቧ ቁራጭ ሞከርኩ። ክብደቱ ጥሩ ነው፤ ላዩ ግን ሻካራ ስለሆነ ክሩን ሲፍቀው ጥርሴን ያመኛል። የሚያስፈልገኝ ከባድም ለስላሳም የሆነ ነገር መሆኑ ገባኝ።

ወንድሜ መካኒክ ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጠባብ ጋራዥ አለው። አብረውት የሚሠሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ጋራዡ አንዴ ተሰብሮ ስለነበር ወንድሜ ደህና ደህናዎቹን መፍቻዎች በሳጥን አድርጎ ቤት ያመጣል።

አንድ እሑድ ጠዋት ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሳጥኑን ከፈትኩ። ብሎን ላይ እየተሰኩ የሚያዞሩት፣ ቡሶላ የሚባሉት ክብ ብረቶች በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። ረጅሙን ባለ አሥራ ሰባቱን አንስቼ የቀለበት ጣቴ ላይ አጠለቅሁት። ውስጡ ማዕዘን ስላለው ቆረቆረኝ፤ ጣቴ ላይ ፕላስተር ጠመጠምኩና መልሼ አስገባሁት። ክሮቹን በትዝታ ቅኝት አላልቼ አንዷን መታሁና ብረቱን ሳብኩት። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆየም። ብቻዬን ሳቅሁ። ስላይዱ በትክክል ከፍሬቱ፣ ከጊታሩ አንገት ላይ ካለችው ቀጭን ብረት፣ አናት ላይ ካልቆመ ድምፁ እንደሚዘቅጥ፣ ከኋላ ያሉት ጣቶች ክሩን በስሱ ካላፈኑት ጩኸት እንደሚቀላቀልበት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ወንድሜ እስኪመለስ ድረስ ተጫወትኩ። ከዚያ ቡሶላው ከጊታሩ ጋር ቦርሳ ውስጥ ገባ። ሰኞ ስነቃ ወንድሜ ሳጥኑን ይዞ ሄዷል።

ሰኞ ማታ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ጋሼ አሥራ ሰባት ቁጥሩን ጣሉት። ቅዳሜ ሳጥኑን የዘጉት እሳቸው ናቸው። ሞተር ውስጥ ረስተውት ይሆናል ብለን የሰው መኪና አስመልሰን ፈታን። የለም።"

"እሳቸው ምን አሉ?"

"መጀመሪያ 'አስገብቼዋለሁ' አሉ። ኋላ 'መሰለኝ' አሉ። እኔም ተናድጄ 'ጋሼ፣ አርጅተዋል፤ ቢያርፉ ይሻላል' አልኳቸው። ሰው ፊት።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ጊታሩ ካለንበት ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ተነስቼ ቦርሳውን መክፈት ብቻ ነው። ግን ሰው ፊት የተባለውን ቃል ሳስብ ፈራሁ። ነገ ሲበርድለት እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ደግሞ "ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?" ቢለኝ ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ጋሼ "ዓይኔም እጄም ደክሟል" ብለው ሥራውን ለቀቁ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ እየበላን ነበር። እኔም መብላቴን ቀጠልኩ።

የባሰው ደግሞ መጫወቴን አለማቆሜ ነው። ወንድሜ ቤት በማይኖርበት ሰዓት በዚያው ቡሶላ እለማመድ ነበር፤ ጥሩም እየሆንኩ ሄድኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ልደት ላይ ተጫውቼ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አደመጠኝ። አንዷ መጥታ "ይኼን ድምፅ ያመጣሽው በምንድን ነው? እስቲ አሳዪኝ" ስትለኝ እጄን ጨብጬ "ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው" አልኳት።

ሰባት ወር ያህል እንዲህ አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ የጋሼ ባለቤት ፋርማሲያችን መጡ። በበዓል ቤታችን ይመጡ ስለነበር ወዲያው አወቁኝ።

"እዚህ ነው እንዴ የምትሠሪው? እሰይ፣ አንቺን ማግኘቴ" አሉና ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለመርሳት የሚሆን መድኃኒት አላችሁ?"

"ለማን ነው፣ እትዬ?"

"ለእሱ ነዋ። ከጋራዡ ከወጣ ወዲህ ራሱን አያምንም። በር ቆልፎ ይወጣና ሦስቴ ተመልሶ ያያል። ሞተር አምጥተው ሥራልን ሲሉት 'ውስጡ ዕቃ ብረሳስ፣ ሰው ብገድልስ' ይላል። አሁን ተክለ ሃይማኖት ጋ ጎሚስታ ተቀጥሮ ጎማ ይለጥፋል። ጠበልም አስጠመቅሁት።"

ሐኪም ሳያያቸው መድኃኒት እንደማይሰጥ ነገርኳቸው። አመስግነውኝ ወጡ። አመስግነውኝ! ተከትያቸው ልወጣ ፈለግሁ፤ ግን ቀጣዩን ደንበኛ አስተናገድኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደሌን ሳስበው፣ አንድ ሰው ያለ ስሙ ስም ተሰጠው፣ ሥራ ቀየረ፣ በቃ፣ ነበር የምለው። ሰውዬው የገዛ አእምሯቸውን እንዲጠረጥሩ ማድረጌን አላወቅሁም ነበር።

ያን ዕለት ወንድሜ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቡሶላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቁጭ ብሎ ብረቱን ሲያገላብጥ ቆየ።

"አርጅተዋል ያልኳቸው እኮ እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "እሳቸውን ያባረርናቸው ሁለታችን ነን። እኔና አንቺ።"  ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን አላናገረኝም።

በማግስቱ ብቻዬን ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከሩ የሚተነፍስበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ጋሼ" አልኩ ሰላምታ ሳልጨርስ፣ "ያ አሥራ ሰባት ቁጥር አልጠፋም። የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ምን ልታደርጊበት?"

"ጊታር ልጫወትበት።"

ግራ ገባቸው። ቡሶላውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣቴ ላይ አጥልቄ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ጣቴን አላዩም።

"ቆይ" አሉ። "ቅዳሜ ዕለት ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼው ነበር ማለት ነው?"

"አዎ፣ አስገብተውት ነበር። ከቦታው ላይ ነው ያነሳሁት።"

"ከቦታው ላይ።"

ጎማውን ለቀቁትና ውሃው ተረጨ። "ሰባት ወር" አሉ። "አንድ ብሎን ባጠበቅሁ ቁጥር መልሼ እነካለሁ። ባለቤቴ 'ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?' ስትለኝ የምትፈትነኝ ይመስለኛል። እኔ እኮ እያበድኩ ነው ብዬ ነበር።"

ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክንዳቸው ያዙኝ።

"ተይ፣ እጄ ቆሻሻ ነው። አሁን ሂጂ፤ ደንበኛ ይጠብቀኛል።"

ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ ቤታቸው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ እንዲመለሱም ለመናቸው። "ላስብበት" አሉት። ካሰቡ በኋላም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሊሠሩ ተስማሙ። ወንድሜ እንደሚለው እጃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ሞተር ከዘጉ በኋላ ግን "ና እስቲ፣ አንተም እይልኝ" ሳይሉት አይነሱም። ድሮ እንዲህ አይሉም ነበር።

እኔ ለሁለት ወር ያህል ጊታሩን አልነካሁም። ከዚያ አንድ መስታወት ቆራጭ የወይን ጠርሙስ አንገት ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ሰጠኝ። ወፈር ያለ ነው፤ ደህና ይጫወታል።

ባለፈው ለወንድሜ ምሳ ላደርስ ጋራዡ ስሄድ ጋሼ ጠሩኝ። "ያንን ነገር አንድ ቀን አምጥተሽ አሰሚኝ" አሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። በማግስቱ ጊታሩን ይዤ ሄጄ፣ እንደ ሰንበሌጥ በቀጠነ ድምፅ ተጫወትኩላቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ይኼ ጠርሙሱ ነው?"

"አዎ።"

"ከብረቱ የቱ ይሻላል?"

ጠርሙሱ ማለት ቀላል ነበር። ወንድሜም ቀና ብሎ እያየኝ ነው።

"ብረቱ" አልኩ። "ብረቱ ይሻላል፣ ጋሼ።"

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ተከፈተው ሞተር ተመለሱ።