እናቴን የወሰደብኝ ቀዝቃዛ ቤት

ባለፈው ሚያዝያ ልጄ የሳሎኔ ግድግዳ ላይ ቤት የሚያቀዘቅዝ ኤሲ አስገጠመልኝ። «ይኼኛው እንደ ድሮዎቹ መብራት አይበላም፤ አቧራውንም ያጣራል። አንቺ ብቻ መስኮቱን ዝጊልኝ» ብሎ ሪሞቱን እጄ ላይ አኖረና ወደ ሥራው ሄደ። እኔም እንደ ታዘዝኩት ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

ጫልቱ ልታየው መጣች። ከልጅነታችን ጀምሮ ጎረቤቴ ናት፤ አሁን ሁለታችንም ጉልበታችንን እያሸን ነው የምንቀመጠው። ወንበሯን ከማሽኑ ሥር ስባ ዓይኗን ጨፈነችና፣ «የሺ፣ ምነው እማማ ይኼን ባየች» አለች። እማማ የምትላት የእኔን እናት ነው። ይህን ስትል ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው አሮጌ ቅናት ተቀሰቀሰብኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እቀናለሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ በቤቱ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ቦሎቄ ለቀማ ትሠራ ነበር። ከብዙ ሴቶች ጋር መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ውጭ አገር ከሚላከው ቦሎቄ ጠጠሩንና የተሰበረውን እስከ ምሳ ሰዓት ትለያለች። ከዚያ የሚነሣው ትቢያ ደረቷ ላይ ቀረ። ሐኪሙ አስም ነው አላት። ስትተነፍስ ከውስጧ ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

ቤታችን ደግሞ እንዲህ ላለ ደረት የሚሆን አልነበረም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ተቀዶ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ። የናዝሬትን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ገና ከረፋዱ ጀምሮ እየተንጣጣ ይግላል። በዚያ ላይ ምግብ የሚበስለው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሰል ሲጠፋ በእንጨት፣ እንጨት ሲጠፋ በተገኘው። ግድግዳው ላይ የለጠፍናቸው ጋዜጦች ፊደላቸው እስኪጠፋ ጠቁረው ነበር። አንዲት መስኮት አለችን፤ እናቴ ግን ዙሪያዋን ጨርቅ ጠቅጥቃባት ከተዘጋች ዘመን አልፏታል። «ነፋስ ጠላት ነው» ትላለች። እርግጥ በአገራችን ነፋስ የማይፈራ የለም፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በላብ እየተጠመቀ፣ አንዱ መስኮት ቢከፍት ሁሉም ይጮህበታል። የእናቴ ግን ይብስ ነበር። ከትውልድ አገሯ ከመንዝ ድረስ ተከትሏት የመጣ ነፋስ ያለ ይመስል ነበር።

ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ የነጫልቱ ቤት ነው። አባቷ አቶ ገመዳ ግንበኛ ነበሩ። ሻሸመኔ አጠገብ ባለው በኩየራ ሚሲዮን ሲሠሩ ያዩትን ይዘው መጡና ቤታቸውን እንደ አዲስ ሠሩት። ግድግዳውን ከከተማው አጠገብ ካለው ተራራ ሥር ከሚቆፈረው ቀላል ቀይ ድንጋይ አወፍረው ገነቡት። ከጣሪያው ሥር፣ ፊት ለፊት በሚተያዩት ግድግዳዎች ላይ፣ ወንፊት ሽቦ የለበሱ ቀዳዳዎች ተዉ። የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ በዚያ ይሄዳል፤ ቀዝቀዝ ያለው ከታች ይገባል። ምድጃቸው የጭቃ ሆኖ ጢሱን ከዘይት ጣሳዎች በተገጣጠመ ቧንቧ ወደ ውጭ ይተፋል፤ የእኛን እንጨት ግማሽ እንኳ አይፈጅም። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። ሰፈሩ «አቶ ገመዳ ቤታቸውን በሱት» ብሎ ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች።

አንድ ቀን ታዲያ ከለቀማ ስትመለስ ትንፋሿ አጥሮ ከነጫልቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ጫልቱ እጇን ይዛ አስገባቻት። ከዚያን ቀን በኋላ በየቀኑ ሆነ። ምሳ ሠርቼ እጠብቃለሁ፤ ወጡ ምድጃው ላይ ይደርቃል፤ እሷ ፀሐይ ሲበርድ ፊቷ ፈክቶ ትመጣለች።

«እዚያ ቤት ትንፋሽ አለ» ትለኛለች ነጠላዋን እየሰቀለች። «ጫልቱ ፓፓያ ቆርጣ አበላችኝ። እንዴት ያለች ልጅ መሰለችሽ!»

ጫልቱ እናትም አባትም አላት፤ የእኔን አንዷን ምን አድርጊ ብሏት ነው?

አንድ ቀን ልጠራት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ውስጥ የጢስ ሽታ የለም፤ የታጠበ ልብስ ይሸታል። እናቴ ሻሿን ፈትታ፣ ራሷን ገልጣ፣ ከቀዳዳው ትክክል ሥር ተቀምጣለች። ጫልቱ አንድ ነገር ስትነግራት ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ያ ፉጨት አልነበረም። መስኮቱን እንክፈት ባልኳት ቁጥር እንዳበደ ሰው የምታየኝ ሴት! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ሳልጠራት ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስትዘጋጅ፣ «እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። እነጫልቱ ቤት ስታበዢ ደስ አላላቸውም። ራሷ ጫልቱ ናት የነገረችኝ» አልኳት።

እጇ ነጠላዋ ላይ ቆመ። «ጫልቱ እንዲህ አለች?»

«አዎ።»

ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ይሁን» ብላ ወጣች።

ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት መጣች። የመጀመሪያው ቀን ለእኔ ዓመት በዓል ነበር፤ ጎመን ቀቅዬ፣ አይብ ለምኜ አቀረብኩላት። በሁለተኛው ቀን ፉጨቱ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ታርፍ ነበር። «ደህና ነኝ» ትላለች ስጠይቃት። አሸንፌያለሁ፤ እናቴ የእኔ ሆናለች፤ ግን ዓይኔ እያየ እየታፈነች ነው። ዋሽቼሽ ነው እንዳልላት ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም።

በአራተኛው ቀን እሷ እንደወጣች ከጎረቤት ዲጂኖ ተዋስኩ። አልጋ ላይ ቆሜ ከጣሪያው ሥር ያለውን ጭቃ ቆፈርኩት። አፈሩ ዓይኔንም አፌንም ሞላኝ፤ በመጨረሻ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ወጣው። ነፋሱ ሲገባ ጆንያው እንደ ሸራ ተነፋ። ጫልቱ አሁን ምን ይዋጣት ብዬ ቤቱን ጠርጌ ጠበቅሁ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሽቅብ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ አልጋው ላይ ወጣችና ቀዳዳውን በእሱ ትጠቀጥቅ ጀመር፤ እያሳላት።

«የጫልቱ ነፋስ ማር፣ የእኔ ነፋስ መርዝ ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ቃሉ ከትንፋሽ ጋር እየተቆራረጠ ወጣ። «እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እዚህ የምትተኚው... አንቺ ነሽ።»

ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም እንደነበረኝ ያን ቀን ሰማሁ። የሳንባ ምች ወሰደው። እኔንም በሁለት ዓመቴ ያው በሽታ ያዘኝና ለሞት አደረሰኝ። «ስትድኚ መስኮቷን ጠቀጠቅኋት» አለችኝ። «ለእኔ ደረት ብዬ አንቺን ልሽጥ?»

ወጥቼ እየሮጥኩ አቶ ገመዳን ጠራኋቸው።

«አካም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ» ብለው ገቡ። ሥራዬን ቀና ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ቀዳዳ ሳይሆን ቁስል ነው» አሉ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ጥቁሩን ጋዜጣ በጣታቸው ጠርገው ለእናቴ አሳዩዋት። «ወይዘሮ አስካለ፣ ይኼ ጥላሸት እዚህ ብቻ ይመስልዎታል? ልጅዎ ሳንባም ላይ አለ። ልጅዎን የሚጎዳት የማይወጣው ጢስ ነው እንጂ የሚገባው ነፋስ አይደለም።»

እናቴ ጣታቸውን አየች፤ እኔን አየች። ለራሷ ደረት ሲባል ለዓመታት እምቢ ያለችው ሴት፣ «እንግዲያው ነገ ይጀምሩልኝ» አለች። አልጋዬ ከቀዳዳው ርቆ ጥግ እንዲሄድ ብቻ አዘዘች። ቀዳዳዎቹ ወንፊት ለበሱ፤ የጭቃው ምድጃ ከነቧንቧው ተሠራ። ክረምት ሲገባም ያው ምድጃ በጥቂት ጭራሮ ቤቱን ያሞቅልን ነበር፤ ዓይናችንን ሳያስለቅስ። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ውሸቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ባለፈው ሚያዝያ፣ ጫልቱ ከማሽኑ ሥር ዓይኗን ጨፍና ሳለ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እነጫልቱ ሰልችተውሻል ብዬ ለእናቴ መዋሸቴን ነገርኳት።

ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ከየት?»

«የቀረች ቀን ነዋ። በነጋታው ለቀማው በር ላይ ጠብቄ፣ ምን አድርገንሽ ነው እማማ ብዬ ጠየቅኋት። 'ምንም አላደረጋችሁኝ። የሺ ቀንታ ነው ሰልችተውሻል ያለችኝ። ጥቂት ቀን እሷ ዘንድ ልዋልላት' አለችኝ። 'እንዳትነግሪያት፤ ታፍራለች' ብላም አስማለችኝ።»

ሰው ይህን ሲሰማ ያለቅሳል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ዕንባ አልነበረም። እንዴት ለጫልቱ ነግራ ለእኔ ትደብቃለች የሚል ነበር። ጫልቱን ሻይ እንኳ ሳልጋብዛት ሸኘኋት።

ያለቀስኩት በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ፉጨት ችላ፣ እኔ ደስ እንዲለኝ ብላ፣ ውሸቴን እያወቀች ነበር ከእኔ ጋር የተቀመጠችው።