ያላደገው ቢጫ ክር

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ልጆች ከመልካቸው ይልቅ በክራቸው ታውቃቸዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሩቅ ናቸው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን። ድሮ ወንድሟ ልካቸውን በስልክ ይነግራት ነበር። አንድ ጊዜ ቁጥር አምታቶ፣ ለልጁ የላከችው ሱሪ ለአባትየው ልክክ አለለት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ቀረ። በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል ልጆቹን ግድግዳ አስደግፎ በክር ይለካና በሹፌር ይልክላታል፤ ሰማያዊው የልጁ ሱሪ፣ ቢጫው የእህቱ የሚጡ ቀሚስ። ሹፌሩ አንድ ቀን አርፎ ሲመለስ ስጦታውን ይዞ ይሄዳል።

ዘንድሮም ክሮቹ ረፋድ ላይ ደረሱ። እንደ ልማዷ ከቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ የአምናዎቹን አውጥታ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ሰማያዊው አራት ጣት አልፏል። ቢጫው ግን ከአምናው ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጠመ። ወጠረችው። ጠረጴዛው ላይ በመርፌ ይዛ ደግማ ለካችው። ያው ነው።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች አጠገቧ ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዋ።

«ሚጡ አላደገችም።»

«አንዳንዱ እንደዚያ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ጣት አልጨመርኩም፤ ይኸው ባል ከማግባት የከለከለኝ የለም።»

«አምስት ዓመቷ ነው እኮ።»

ጓደኛዋ መቀለዱን ተወችው።

ልብስ ሰፊዋ ልጅ ሳለች እናቷ በየዓመቱ የልጆቹን ቀሚስ እጥፋት እየፈታች ታስረዝም ነበር። አንድ ዓመት የታናሽ እህቷን እጥፋት ሳትፈታው ቀረች፤ አላስፈለገም። በዓመቱ ያ ቀሚስ ለባሽ አልነበረውም።

ስልክ ደወለች። የወንድሟ ሚስት አነሳች።

«ሚጡ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን።»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት?»

«እንዲያው ደክሟት ነው። ብቻ አንቺ ምንም አታስቢ።»

ወትሮ ወሬ ከጀመረች ስልክ መዝጋት የማታውቅ ሴት ቶሎ ተሰናበተች። ሰው ደግሞ አታስቢ ሲባል ነው የሚያስበው።

የልጁን ሱሪ ቆርጣ ሰፋች። የሚጡን ጨርቅ ዘርግታ መቀሱን ስታነሳ ግን እጇ እምቢ አላት። በአምናው ልክ ብትቆርጠው፣ ልጅቷም እንደ ሟች ታናሽ እህቷ ናት ብላ በእጇ የፈረመች መሰላት። አስረዝማ ብትቆርጠው፣ ቀሚሱ ሚስማር ላይ ባዶውን ተንጠልጥሎ ታያት።

አመሻሹ ላይ ደግማ ደወለች። አሁን ያነሳው ልጁ ነው።

«አክስቴ፣ ሱሪዬ ኪስ አለው?»

«ሁለት አለው። አንተ፣ ሚጡን ማን ነው የለካት?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዳትናገር ተብያለሁ።»

«ለማን?»

«ላንቺ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አባትህን ስጠኝ» አለችው።

«እትዬ» አለ ወንድሟ፣ «እባክሽ ሳትደነግጪ ስሚኝ።»

«ደንግጬ ጨርሻለሁ። ተናገር።»

«ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ጀሶ ላይ ናት፤ ሦስት ሳምንቷ። አንቺ በሰማሽ ቁጥር እንቅልፍ ታጫለሽ ብለን ነው። ቆማ መለካት ስላልቻለች የአምናውን ቀሚስ ለካሁና ክሩን ላክሁልሽ።»

«ልብሱን ለካኸው? ልጅቷን ትተህ?»

«ምን ላድርግ፣ ጀሶው ጉልበቷን ውጦታል።»

«ሌላ እግር የላትም? አሁኑኑ ሂድና ቀሚሱን ደረቷ ላይ ዘርጋው። የት ድረስ እንደሚደርስ ንገረኝ።»

ስልኩን አስቀምጦ ሲሄድ የእግሩን ኮቴ ሰማች። ቁልፍ ተካዪዋም መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ትጠብቃለች። ልብስ ሰፊዋ ቢጫውን ክር ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ የጣቷን ጫፍ አጠቆረችው።

«እትዬ፣ ከጉልበቷ በላይ ቀረ።»

«ስንት ጣት?»

«ሦስት። ቆይ፣ አራተኛዋም ትገባለች።»

«ያንተ ጣት ነው የልጁ?»

«የእኔ።»

ክሩን ከጣቷ ፈታችው። ደሟ ሲመለስ ጠዘጠዛት።

«የተሰበረውን እግሯን ጣቶች ታንቀሳቅሳለች?»

«ትልቋን ብቻ። ሐኪሙ ጀሶው ሲፈታ እናያለን ብሏል። የዛሬ ሳምንት ነው።»

«ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ። የማላውቀው ነው የሚገድለኝ።»

«እሺ እትዬ።»

ቀሚሱን አራት ጣት ጨምራ ቆረጠችው፤ እጥፋቱ ውስጥ ሌላ አራት ጣት አስቀረች። በተረፈው ጨርቅ ደግሞ ትንንሽ የጨርቅ ጫማዎች ቆረጠች፣ ሁለቱንም እኩል።

«አንደኛው ከነጀሶዋ አይገባትም እኮ» አለች ቁልፍ ተካዪዋ።

«የዛሬ ሳምንት ይገባታል።»

ይህን ብላ የስፌቱን ክር መርፌው ዓይን ውስጥ ልታስገባ ሞከረች። ሦስት ጊዜ ሳተችው። መርፌውንም ክሩንም ለጓደኛዋ ሰጠቻትና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።