ከደረቀው ቅርንጫፍ ስር

ጋሼ፣ አጎቴም አሳዳጊዬም እርስዎ ነበሩ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ካለው ጫካ ለማደር በሄድን ቁጥር፣ ሌላው ሰው ዕቃ ሲያወርድ እርስዎ ባርኔጣዎን በእጅዎ ይዘው ወደ ላይ ያንጋጥጡ ነበር። "መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ! ደረቅ ቅርንጫፍ ስር ድንኳን አትትከሉ" ይሉናል። እኛ የወንድምና የእህት ልጆችዎ ከኋላዎ እንሳሳቃለን።

የመጨረሻው ጉዞ ግን አያስቀኝም። ጉልበትዎ ከደከመ ወዲህ በእርስዎ እርምጃ መሄድ ሰልችቶን ነበር። ድንኳንዎን "ላሳጥበው" ብዬ ከቤትዎ ወሰድኩ። አርብ ዕለት ደውዬ "መኪናው ተበላሽቷል፣ ጉዞው ቀርቷል" አልኩዎት። "እሺ ልጄ" አሉኝ።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ድንኳንዎን ተክለን ዓሣ ስንጠብስ ደወሉልኝ።

"የት ነህ?"

"አዳማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

ወዲያው አንድ ዓሣ ሻጭ አጠገቤ መጥቶ "ቆሮሶ! አሁን ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ!" ብሎ ጮኸ።

እርስዎም "ወደ ላይ አይታችኋል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩዎት እኮ!" ብዬ ተቆጥቼ ዘጋሁት።

ቀና ስል ድንኳኑ የተተከለው ደረቅ ቅርንጫፍ ስር ነበር።

በሳምንቱ አረፉ። ደጅዎ ላይ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ሁሉም አቀርቅሮ ገመድ ይወጥራል፤ ወደ ላይ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ቀና አልኩ። ለካ ባለቤትዎ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"ቆሮሶው ጣፈጠ?"