ንጹሕ ዘር ነን ያልኩ ዕለት

ከብስራተ ገብርኤል ወደ ጀርመን የወጣነው መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት፣ አመሻሽ ላይ ነው። ለጎረቤት ናዝሬት ሠርግ አለብን ብዬ ልጄን ሂሩትን ይዤ ወጣሁ። በር ድረስ የሸኘን ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ እብዱ የሚለው።

ከዚያ በፊት ሂሩትን ሊያጩ ሽማግሌ የተላከ ጊዜ ታደሰን ሰርቪስ ቤት ቆለፍኩበት። እነሱ ግን አጣርተው ኖሮ፣ በዘራቸው አለ ብለው ቀሩ። ይህን ያሉት ሰውዬ የገዛ ልጃቸው በየቀኑ ከጠጅ ቤት በሸክም ነው የሚገባው። የእሱ ዘር አይባልም።

ጀርመኖች ስደተኛ የሚያጉሩበትን ቤት ሃይም ይሉታል። ዳቦው ድንጋይ ነው፤ ፀሐዩም ያበራል እንጂ አያሞቅም። እኛ ሰፈር ቢያሙሽም በስምሽ ነው፤ እዚያ የሚያማሽም የለ። ክረምቱ ሲገባ ሂሩት እንቅልፍ አጣች። ሰዎች ያዩኛል ብላ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች። ለሃይሙ ኃላፊ ብነግራት፣ መስኮት መጋረድ በደንቡ ክልክል ነው አለችኝ። ተምራ ያየችው ይህንኑ ነው።

ሐኪሙ በቤተሰባችን እንዲህ የታመመ እንዳለ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ነው። ዓይኑን አየሁና «የለም፣ ንጹሕ ዘር ነን» አልኩ። የተሰጣት መድኃኒት አልያዘላትም፤ ባሰባት። ሁለተኛም ተጠየቅሁ፣ ሁለተኛም ካድሁ።

በሦስተኛው ሂሩት ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ እዚህም ጋሼ ታደሰን ቆለፍሽበት?»

ተናገርኩ። ሐኪሙ አልደነገጠም። ዘር ብቻውን አያሳምምም፣ እንዲህ ያለ ዘር ኖሯቸው በሰላም የሚያረጁ ብዙ ናቸው፤ ፍርሃቱ፣ ብቸኝነቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሲደረብበት ነው አለኝ። እንግዲህ አንዱን በደሜ ሰጠኋት፣ ሌላውን በአውሮፕላን አሳፍሬ አመጣሁባት። ከዚያ ወንድሜን የተሻለው በየትኛው መድኃኒት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። የሚውጠውን መድኃኒት ስም አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም።

አገር ቤት ሰፈራችን ባለው ሱቅ ስልክ ደውዬ ታደሰን አስጠራሁት። ከብልቃጡ ላይ ፊደል በፊደል አነበበልኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ከዚያ «እትዬ፣ ትተኛለች?» አለ። ዘራችንን ካጣሩት ሽማግሌዎች አንዱም ስለ ልጄ እንዲህ አልጠየቀኝም።

«ትንሽ ትንሽ» አልኩት።

«ብቻ በር አትዝጊባት።»